ሐይቁ ዳር የተነገረው ትንቢት

የሰፈሩ ሰዎች ነቢዩ የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ሊቀልዱበት ፈልገው ነበር። ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። ፍቅሩ ግን ሌላ ነው። ቅይጥ ማርሻል አርት የሚሉትን፣ ሁለት ሰዎች የሽቦ አጥር ውስጥ ገብተው በእጅም በእግርም የሚደባደቡበትን ፍልሚያ፣ ከእህልና ከውኃ አስበልጦ ይወዳል። ራሱ ዝንብ ገድሎ የማያውቅ ሰው ነው።

ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ አሮጌ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ፍልሚያ ባለበት ቀን የሚቆረጠውም የማይቆረጠውም ይሰበሰባል፤ ራሰ በራው ጡረተኛ ጎረቤት እንኳ ቀድሞ ወንበር ይይዛል። ተፋላሚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ዝም ብሎ እሱን ያያል። እሱም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ማን፣ በስንተኛው ዙር፣ በምን እንደሚያሸንፍ ይናገራል። አንዴ ከተናገረ አይደግመውም፣ አይለውጠውም፤ ለወዳጅ ብሎ የሚያሳምረው ትንቢትም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ያለው ይሆናል።

እሷ ከፀጉር ቤቱ ጥቂት አለፍ ብሎ ባለ ላውንደሪ ልብስ ትተኩሳለች። የነቢዩን ፎጣዎች የሚያጥቡት እነሱ ናቸው፤ የሚያመላልሰው ግን ሌላ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰውየው ታሞ ቀረና ጥቅሉን ራሷ ተሸክማ ሄደች። ስትገባ ዞር ብሎ ያያት የለም። ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛ አረፋውን እንደተቀባ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አጣሟል፤ ነቢዩ ደግሞ ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቆሟል።

«ባለቀይ ቁምጣው በሁለተኛው ዙር እጅ ይሰጣል» አለ።

«አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?» አለች፣ ሳታስበው።

ሁሉም ዞሩ። እሱም ዞረ። ወደ ቴሌቪዥኑ መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም።

«ምራቁን ደጋግሞ ይውጣል» አላት፣ ለእሷ ብቻ እንደሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የፈራ ሰው አፉ ይደርቃል።»

ባለቀይ ቁምጣው በሁለተኛው ዙር እጅ ሰጠ፤ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ነቢዩ ግን አላየውም። እሷ ፎጣዎቹን መደርደሪያው ላይ ስትደረድር ጣቶቿን እያየ ነበር፤ በብረት ምጣድ የተቃጠሉ የሚመስሉ፣ ጫፋቸው በካውያ የጠቆረ ጣቶች። የታመመው ሠራተኛ በሳምንቱ ድኖ መጣ፤ ጥቅሉ ግን አልተመለሰለትም።

ነቢዩ ምላሱ የሚፈታው ስለ ፍልሚያ ሲያወራ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንደምንም ብሎ፣ «ጎረቤታችን ተኳሽ ናት ሲሉኝ ጠመንጃ ያለሽ መስሎኝ ስፈራ ነው የኖርኩት» አላት። ቀልዱ ያረጀ ነበር፤ ላውንደሪ የገባ ሁሉ ይለዋል። ያም ሆኖ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አብረው ወደ ቤት መሄድ ጀመሩ፤ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ መንገዱን እያዞሩ ያስረዝሙት ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ተፋላሚ መሆኑን ስትነግረው ልጁን ቀድሞ ያውቀው ኖሯል። ሰፈሩ «ቋጥኙ» የሚለው፣ ፀጉሩንም እሱ ዘንድ የሚቆረጥ ልጅ ነው። ነቢዩ የቋጥኙን ፍልሚያ ሁሉ ተንብዮ ነበር፤ ሁልጊዜም ያሸንፋል ብሎ። እንዲያ ያለውም ልጁ በእርግጥ ስለሚያሸንፍ ነው።

ነቢዩን ያልወደዱት እናቷ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ክፉ ወሬ ከሚነገርበት ቤት ተነሥተው የሚወጡ ሴት ናቸው፤ የሰውን ውድቀት ቀድሞ የሚናገር አማች ደግሞ ጭራሽ ሊዋጥላቸው አልቻለም። «ሟርተኛ ነው» አሉ። «የሰው ልጅ ውድቀት አፉን የሚያሟሽበት ነው። ዛሬ በሰው ልጅ የጀመረ ነገ በልጄ ላይ ይመጣል።» ልጅቷ ለመነች፣ አኮረፈች፣ እንደገና ለመነች። እናቷ በነጋ በጠባ ያው ናቸው።

በጋው ሲገባ ወንድሟ አንድ ሐሳብ አመጣ። አባታቸው በሕይወት ሳሉ በየበጋው ቤተሰቡን ሐይቅ ዳር ይወስዱ ነበር፤ ከሞቱ ወዲህ ማንም የሐይቁን ስም አንሥቶ አያውቅም። ወንድሟ እስከ ዛሬ ከገጠመው ሁሉ የሚከብድ ፍልሚያ ከፊቱ ስላለ፣ ከዚያ በፊት እንሂድ አለ። ቀጥሎም ነቢዩ ካልመጣ እኔም አልሄድም አለ። እናቷ ለልጃቸው ሲሉ እሺ አሉ። እሷም በልቧ፣ እማዬ ወይ ዛሬ ትወደዋለች ወይ መቼም አትወደውም አለች።

የሄዱት ባጎታቸው አሮጌ ሚኒባስ ነው። አጎታቸው ወሬ ከሆዱ የማያድር፣ ሲነዳ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያወራ ሰው ነው። የእሱ ትንንሽ ልጆች ሐብሐቡን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እናቷ ከነቢዩ ራቅ ብለው በመስኮት ያያሉ።

ሐይቁ ዳር እንደደረሱ አባትየው ያስለመዷቸው ጨዋታ ተጀመረ። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ኳስ በፍጥነት ይወረወራል፤ የጣለ ሰው እጅና እግሩ ተይዞ ውኃ ውስጥ ይጣላል። ወንድሟ በዚህ ጨዋታ ረጥቦ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ኳሷን ጣለ። አንሥተው ወረወሩት። ደግሞ ጣለ፤ ደግሞ ወረወሩት። ልጆቹን ለማስደሰት ሆን ብሎ የሚያደርገው መሰላቸው። እናቷ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷም ጨዋታውን ትታ የእናቷን ሳቅ ታዳምጥ ነበር።

ነቢዩ አልሳቀም።

ሐብሐቡን ከመኪናው ሊያወርዱ አብረው ሲሄዱ፣ «ወንድምሽ በግራ ዓይኑ አያይም» አላት።

እሷ ሐብሐቡን ልታነሣ የዘረጋችውን እጅ መለሰች።

«ኳሷን የሚጥላት ከግራ ስትመጣ ብቻ ነው» አለ። «ባለፈው ስቆርጠው መስተዋቱን ለማየት አንገቱን በሙሉ ያዞር ነበር፤ አንገቱን አሞት መስሎኝ ዝም አልኩ። የሚገጥመው ሰው ደግሞ ዋና ምቱ በቀኝ እግሩ ነው፤ በዚያው በማያይበት በኩል ነው የሚመጣበት።»

ሐኪም መርምሮት የለም ወይ ብላ ተከራከረች። የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ያሉ ፊደሎችን በቃል ማጥናት ይቻላል አላት። ከሩቅ የእናቷ ሳቅ እንደገና ተሰማ፤ ሁለቱም ወደዚያው አዩ።

«ዛሬ አይሆንም» አለች። «ተመልከታት እስኪ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ነገ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

«ስለ ፍልሚያው ከጠየቀኝስ? እንደሚጠይቀኝ ታውቂያለሽ።»

ሐብሐቡን ተሸክማ ሄደች።

ምሳ ምንጣፍ ላይ ቀረበ። ወንድሟ ራስጌ ተቀመጠ፤ እናቷ በቀኙ። እሷ በግራው ሆነች፣ ነቢዩም ከእሷ ቀጥሎ በዚያው በግራ በኩል። ዳቦው እየተቆረሰ፣ እንቁላሉ እየተላጠ ሳለ ነቢዩ ኩባያ ውኃ ሞላና በእሷ ፊት አሳልፎ ለወንድሟ ዘረጋ። ወንድሟ ፊቱን ወደ እናቱ ሳያዞር፣ ቀጥ ብሎ ሐይቁን እያየ ያወራል። ኩባያው አፍንጫው ሥር ሊደርስ ምንም አልቀረው። አልተቀበለም። ነቢዩ እጁን እንደዘረጋ ቆየ፤ እሷ አንዴ ኩባያውን፣ አንዴ የወንድሟን ዓይን አየች። በመጨረሻ ኩባያው ክንዱን ሲነካው ወንድሟ ደነገጠና፣ «ኧረ ምን እንደ ሌባ ትመጣብኛለህ!» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ከዚያች ደቂቃ በኋላ አላወቅሁም ማለት አትችልም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ወንድሟ እጁን ጠራረገና ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ፤ ዓይኑን ከእሳቸው ሳያነሣ፣ ነቢዩንም ሳያየው፣ «በል እንጂ ነቢዩ፤ የሁሉንም ተናግረሃል፣ የእኔንስ?» አለ።

አጎታቸው ቀልደኛ ነውና ዘሎ የመታጠቢያ ፎጣ ነቢዩ ትከሻ ላይ ጣለለት። እናቷ ቁራሽ ዳቦ እንደያዙ እጃቸው ቆመ።

ነቢዩ እሷን አየ።

ሰው በዓይኑ ብቻ ስንት ነገር ይለምናል። ተው አለችው። የእማዬን ሳቅ አትውሰድባት አለችው። ትውደድህ፣ ላንተ ትስጠኝ አለችው። ይህን ሁሉ ያለችው ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቅነቅ በማድረግ ነው።

«በመጀመሪያው ዙር» አለ ነቢዩ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «በዝረራ ታሸንፋለህ።»

ወንድሟ መልካም ወሬ እንደሰማ ሰው ቶሎ አልተደሰተም። ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰና የአጎቱን ጀርባ መታ። እናቷ ተነሥተው ምንጣፉን ዞሩና የነቢዩን ግንባር ሳሙ።

«አፍህ ይባረክ» አሉ። «ሟርተኛ እልህ ነበር፤ ይቅር በለኝ ልጄ።» ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞረው፣ «እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። በዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ሐብሐብ እየተበላ፣ ሠርጉ ከፍልሚያው ቀጥሎ እንዲሆን ተነጋገሩ። አጎታቸው ልብሱን ከአሁኑ ላሰፋ ነው አለ። ስትመኘው የኖረችው ነገር ሁሉ በአንድ ምሳ ተሰጣት። ሲመለሱ የኋላ ወንበር ላይ እጇ በነቢዩ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም እጆች ቀዝቃዛ ነበሩ።

በማግስቱ ልትነግረው ወንድሟ ወደሚለማመድበት ቤት ሄደች። ገመድ እየዘለለ ነበር፤ ሲያያት ላቡን ሳይጠርግ አቀፋት። «ነቢዩ ተናግሯል፣ እታለም!» አላት። ልትለው የመጣችው ቃል ወደ ሆዷ ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው አለች። በማግስቱም ነገ አለች፤ ከዚያም በማግስቱ። ነቢዩ ጥቅሏን ሲቀበላት በዓይኑ ይጠይቃታል፤ እሷ ዓይኗን ትሰብራለች። እሱም ቢሆን አፍ ነበረው። ግን እናቷ በፀጉር ቤቱ በኩል ባለፉ ቁጥር «ደህና ዋልክ ልጄ?» ይሉት ነበር፤ እናት የሌለው ሰው ደግሞ ይህችን ቃል በቀላሉ አይለቃትም።

የፍልሚያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ማንም ሳይወድቅ አለቀ። ነቢዩ እጇን ጨበጠ። በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚው ወደ ኋላ አለና ቀኝ እግሩን አነሣ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እግሩን አየው። የመጣበት ሰው ብቻ አላየውም።

ወንድሟ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ኖሮ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አልሞተም። ግን ግራ እጁና ግራ እግሩ እንደ ቀድሞው አልታዘዙለትም፤ ግራ ዓይኑ ጨርሶ ጨለመ፤ ንግግሩም አንድ አንድ ቃል እየተለቀመ የሚወጣ ሆነ። እናቷ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነቢዩን ሲያገኙት አቅፈው አለቀሱ። «ትንቢትም ይስታል፤ አንተም ሰው ነህ» አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሳምንታት አልፈው ወንድሟ መናገር ሲችል፣ እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ፊቱን ስታብስለት ነገሩን አወጣ።

«ፈርቼ ነበር» አላት። «ዓይኔን ... አውቀው ነበር። ነቢዩ ትወድቃለህ ቢለኝ ... ልተወው ወስኜ ነበር። ለዚህ ነው ... ይምጣ ያልኩት።»

እርጥቡን ጨርቅ ፊቱ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

በዚያው ቀን ለነቢዩ ነገረችው። ሆድ ይፍጀው ያለችውን ሆዷ ሊፈጀው አልቻለም። ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ ወንበር ላይ ወጣና ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አወረደው።

«እኔ ነኝ ያስዋሸሁህ» አለች።

«አንቺ ራስሽን ነው የነቀነቅሽ። የዋሸው አፍ የኔ ነው። እማማ ልጄ እንዲሉኝ ብዬ ነው።»

አንዱ ሌላውን ቢወቅስ ይቀላቸው ነበር፤ ይጣሉና ይታረቃሉ። ግን ሁለቱም ጥፋቱን ለየራሳቸው ወሰዱት፤ አብረው ሲቀመጡም ከወንድሟ በቀር የሚያስቡት አልነበራቸውም። የሠርጉ ወሬ ሳይነሣ ቀረ። ጥቅሉም ወደ ቀድሞው ሠራተኛ ተመለሰ።

ነቢዩ ግን ፀጉር ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ሰኞ ሰኞ፣ እሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት፣ ቤታቸው እየመጣ ወንድሟን ይላጨው ነበር። ስትመለስ በሳሙናው ሽታ ታውቃለች። አንድ ሰኞ ካውያው ተበላሽቶ ቀድማ ገባች። ነቢዩ በወንድሟ ቀኝ በኩል ቆሞ፣ ምላጩን ከማንሣቱ በፊት እያሳየው፣ ቀስ እያለ ይላጨዋል። በወንድሟ ራስ ላይ ተያዩ። እንደምትወደው፣ ያን ሁሉ ወር አንድ ቀን እንኳ እንዳልተወችው ያን ጊዜ አወቀች። እሱ ዓይኑን ወደ ምላጩ መለሰ፤ እሷም የራት ድንች ልትልጥ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በጋው ሲመለስ ወንድሟ ሐይቅ ዳር ውሰዱኝ አለ። ማንም አልፈለገም። እሱ ግን ሌላ ነገር አላወራም፤ ነቢዩም ይምጣ አለ፣ እንዳምናው። በዚያው አሮጌ ሚኒባስ ሄዱ። አጎታቸው የዚያን ቀን መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ኳሷን ከመኪናው ያወረዳት የለም።

ወንድሟን ደግፈው ምንጣፉ ራስጌ አስቀመጡት። እናቷ በቀኙ፣ እሷ በግራው። አጎታቸው ነቢዩን ትከሻውን ይዞ እሷ አጠገብ አስቀመጠው። ከምሳ በኋላ እናቷና አጎታቸው ልጆቹን ይዘው ወደ ውኃው ወረዱ፤ ሦስቱ ብቻ ቀሩ።

«ቴሌቪዥኑን ... አወረድከው አሉ» አለ ወንድሟ፣ ፊት ለፊቱ ሐይቁን እያየ።

«አወረድኩት።»

«ስቀለው።» ቃላቱን እየሰበሰበ እንደሆነ ስለሚያውቁ ጠበቁት። «እታለም፣ ሆስፒታል ሆኜ ያልኩሽ ... ውሸት ነው። ያን ቀን አይቻችኋለሁ። ስጠይቀው አንቺን አየሽ ... አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ። እንደምወድቅ ያኔውኑ ገባኝ። አውቄ ነው የገባሁት። ጥፋቱ የኔ ነው ... አትሻሙብኝ።»

ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ነገር ከደረቷ ላይ ሲነሣ ተሰማት። ልታለቅስ ወደ እሱ ዞረች። ከተቀመጠችበት የሚታያት የወንድሟ ግራ ዓይን ነበር፤ የጨለመው። አምናም የተቀመጠችው እዚሁ ነው። ነቢዩም እዚሁ፣ ከእሷ ቀጥሎ። በዚህ በኩል አፍንጫው ሥር የተዘረጋ ኩባያ ያላየ ልጅ፣ ያውም ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ፣ የራስ መነቅነቅ አላየም። ሊያይ አይችልም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የነገራት ነው እውነቱ። አሁን የሚዋሸው ለእነሱ ብሎ ነው።

ነቢዩን አየችው። እሱ ቀድሟታል፤ ኩባያውን የዘረጋው እሱ ነውና። ከንፈሩ ሊናገር ተከፍቶ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ራሷን አልነቀነቀችም፤ እንደ ልቡ እንዲያደርግ ተወችው። ነቢዩ አፉን ዘጋ። የወንድሟን የተላጨ ጉንጭ፣ ራሱ የላጨውን፣ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ካንተስ የሚደበቅ የለም» አለው በመጨረሻ።

ወንድሟ በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። «እንግዲህ ደግሞ እኔ ልተንብይ። የናንተ ... በዝረራ አያልቅም። እስከ መጨረሻው ዙር ትሄዳላችሁ። በነጥብ ነው።»

«ለማን?»

«ለሷ ነዋ! ላንተማ ማን ነጥብ ይሰጥሃል።»

እሷ እንባዋን በክንዷ ጠራረገችና ተነሣች። ምንጣፉን ዞራ በወንድሟ ቀኝ በኩል፣ እናቷ የነበሩበት ቦታ ተቀመጠች፤ ነቢዩንም በእጇ ጠራችው። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ወስዳ ጉልበቷ ላይ፣ ወንድሟ በሚያይበት በኩል አስቀመጠችው፤ በላዩም የራሷን እጅ ጫነችበት።

ወንድሟ በቀረችው አንድ ዓይኑ ሁለቱን እጆች አየ። ከዚያ ውኃ ስጡኝ አለ። ነቢዩ በነፃ እጁ ኩባያውን ሞልቶ ዘረጋለት፤ ወዲያው ተቀበለው።